ሁለቴ የተጠየቀች

ዓርብ ማታ ልዕልት ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እናቷ ሳሎን ውስጥ በስልክ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ለባዕድ የሚሳቅ ሳቅ ነው፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና መሀል ላይ ይለዝባል። «ኧረ አስተዳደር ውስጥ ናት» አለች ውብነሽ። «ኤርፖርት ነው፣ ግን ቢሮ ነው። ፈርቫልቱንግ ይሉታል እነሱ። የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ ስልክ፤ ምን አለፋሽ፣ ከበታቿም ሰው አላት።» ልዕልት ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። የራሷ ጠረጴዛ የላትም። ያላት ጀርባው ላይ የከተማው አርማ የታተመበት ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ወፍራም የሥራ ጓንትና ጫፉ ብረት የሆነ ቡት ጫማ ነው። ከበታቿ ያለ ሰው ቢፈለግ ዊልቸር ላይ አስቀምጣ የምትገፋው መንገደኛ ብቻ ነው። ከፀጉሯ የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቷን ተከትሎ ጀርባዋ ላይ ሲወርድ እንኳ አልተሰማትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ እነ ልዕልት ቤት ሽማግሌ ይመጣል። አስጠያቂው አቤ ነው፤ ፍራንክፈርት ከተማ ቦርንሃይም ሰፈር በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አስታማሚ ሆኖ የሚሠራ፣ ከልዕልት ጋር የበርገር ሽትራሰ ጎዳናን ዳቦ ቤቶች አንድ በአንድ ቀምሰው የጨረሱ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ታክሲ ነጂው አቶ ገመቹ፣ አንዱ የሰፈሩ ቄስ፣ ዋናው ደግሞ ከስቶክሆልም የሚመጡት የአቤ የአባቱ አጎት አቶ ገሰሰ ናቸው። አቶ ገሰሰ ድሮ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ ዛሬም እሳቸው ያሉበት ክፍል የገባ ሰው ሳይነገረው ጀርባውን ያቀናል ይባላል። ጠይቀው እምቢ የተባሉበት ቤት የለም፤ አንዲት የማትሆን ልጅ ለቤተሰባቸው ጠይቀውም አያውቁም። ውብነሽ እንግዲህ ልጇን ቢሮ ያስገባችው ለእኚህ ሰው ስትል ነው። ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ፈተና፣ በአንድ ምሽት፣ በአቶ ገመቹ ሚስት ስልክ በኩል።

ልዕልትን የእናቷ ውሸት ያን ያህል አላስከፋትም። ውብነሽ ከዚህ የባሰም ዋሽታ ታውቃለች፤ ልጇ ቬስትኤንድ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ ስትወጣ ለሁለት ዓመት ያህል በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ፈተና ላይ ናት» ስትል የኖረች ሴት ናት። አንጀቷን ያሳረራት የአባቷ ነገር ነው። ወልደማርያም እዚያው ሶፋው ላይ፣ ከሚስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ እያየ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ራሱን ቀና አላደረገም። ተማሪ ሆኖ የመጣ፣ ዕድሜውን በኬሚካል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ጨርሶ በክብር ጡረታ የወጣ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር ሰው ነው፤ ልጁ ኤርፖርት ከገባች ግን ይኸው ስድስት ዓመት፣ ሥራዋን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ሥራ ሄደች» ይላል፤ «ከሥራ መጣች» ይላል። «ምን ሥራ?» የሚል ሰው ሲገጥመው ሳል ይይዘዋል። ልዕልት ነገ ሽማግሌዎቹ ተነስተው «ለመሆኑ ልጅቱ ምን ትሠራለች?» ሲሉ፣ መልሱን ከአባቷ አፍ መስማት ትፈልግ ነበር። ሌላ ጥሎሽ አልጠየቀችም። አሁን ግን እናቷ መልሱን አስቀድማ ሰጥታለት አረፈችው።

ክፍሏ ገብታ ለአቤ ደወለች። አቤ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቦታ እንዳጣ ገባው። «ተያቸው ይበሉ፤ የአንድ ቀን ነገር ነው» አላት። «ጋሼ ገሰሰ ደግሞ ክብር ይወዳሉ፤ ታውቂያለሽ።»

«አንተም ታፍርብኛለህ?»

«እኔ? ሙሉ ቀን የሽማግሌ ዳይፐር ስቀይር የምውል ሰው?» አለና ተነፈሰ። «ምን ትገርሚያለሽ። ይልቅ ስሚ፣ ልጃቸው ርካሽ ቲኬት አገኘሁ ብላ እናንተ ኤርፖርት በሚያርፈው አውሮፕላን ነው የላከቻቸው። ዊልቸር አዛለች፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። ጋሽ ገመቹ ሄደው ያመጧቸዋል።»

ልዕልት ስልኩን ዘግታ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ አብራት ለምትሠራው ዊንታ ደወለች። የቅዳሜውን የጠዋት ፈረቃ ስጪኝ፣ የእኔን ሌላ ቀን ውሰጂ አለቻት። ዊንታ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ቅዳሜን በነፃ የሚያገኝ ሰው ምክንያት አይጠይቅም። ልዕልት ሐሳቧ አጭር ነበር። ሰውዬውን ከአውሮፕላኑ በር ላይ ትቀበላለች። ሰደርያዋን ለብሳ፣ ፊት ለፊት ቆማ፣ «ልዕልት ወልደማርያም እባላለሁ፤ ልትጠይቁኝ የመጣችሁት እኔን ነው፤ ሥራዬም ይኸው» ትላለች። ከዚያ በኋላ እናቷ ቢሮውን ትዝጋው።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ ውብነሽ ፕሮይንገስሃይም ያለውን ባለ ሦስት ክፍል ቤታቸውን ገልብጣ እያጸዳች ነበር። «ዛሬ እንኳ ፈቃድ መውሰድ አቃተሽ?» አለች መጥረጊያውን እንደያዘች። ልዕልት «ዊንታ ታመመች» አለቻት። እናት የጀመረችውን ልጅ ቀጠለችበት። አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ ጫማውን ቀለም እየቀባ ነበር፤ ጫማውን እንጂ እሷን አላያትም።

ልዕልት የምትሠራበት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትልቁ የፍራንክፈርት ኤርፖርት አይደለም። አውቶቡስ ይዘው፣ ደን አቋርጠው የሚደርሱበት፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ንብረት የሆነ ማረፊያ ነው። ከተማዋ ከጦርነት የተረፈ ሜዳ ወርሳ፣ አስፋልቱን አድሳ፣ «የራሳችን ኤርፖርት» ብላ ትኮራበታለች፤ በምርጫ ሰሞን ደግሞ ግብር የሚበላው እሱ ነው ብላ ትጣላበታለች። አንድ ሕንፃ ነው። መግቢያው፣ ካፌው፣ ሻንጣ ማስረከቢያው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ቡናው ከከተማው ይልቅ ውድ፣ ወንበሩ ከሁሉም ይልቅ ጠንካራ ነው። ሠራተኛው ስለሚያንስ አንድ ሰው አንድ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ልዕልት ጠዋት ሻንጣ መዝና ስም ትጠራለች፤ ከዚያ ሰደርያዋን አጥልቃ ሜዳው ላይ ትወርዳለች። የመጣውን አውሮፕላን በሁለት እጇ እየጠቆመች ቦታው ላይ ታቆማለች፤ ደረጃ ታስጠጋለች፤ ዊልቸር ትገፋለች፤ በክረምት ማንሻው መኪና ላይ ወጥታ ከክንፍ ላይ በረዶ በሙቅ ፈሳሽ ታጥባለች። ዘመዶቿ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቁት፣ መግፋቱን። እሷ ግን ሁሉንም ትወደዋለች። አንድ ሙሉ አውሮፕላን በእጇ ምልክት ቀጥ ብሎ ሲቆም ስድስት ዓመት አይታ ያልሰለቻት ነገር ነው፤ ደረቷ ይሞላል፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ማን ይጠይቃታል?

የስቶክሆልሙ አውሮፕላን በየካቲት ጭጋግ ውስጥ ወርዶ ቆመ። ሰዉ በደረጃው ፈሰሰና አለቀ። አቶ ገሰሰ አልወረዱም። የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ ብቅ ብላ በእጇ ጠራቻት፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ አልነሳም ብለዋል፣ ዊልቸሩንም አልፈልግም ይላሉ፣ እኛ ደግሞ መመለስ አለብን አለቻት። ልዕልት ያጠናችውን ንግግር በልቧ እየደገመች ወደ ኋላ ሄደች። አቶ ገሰሰ መስኮቱ ሥር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጥቁር ካፖርታቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል፤ ሁለት እጃቸው ካፖርቱን ወደ ታች ተጭኖታል።

«እንደምን አደሩ አባባ» አለች ልዕልት።

አቶ ገሰሰ አማርኛውን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል ብላ ጠብቃ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አበሻ ነሽ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ምነው ምናለ ዛሬ እንኳ ፈረንጅ በመጣ።»

ያኔ ሽታው ደረሳት። ከካፖርቱ ሥር የወንበሩ ጨርቅ ጠቁሯል። ልዕልት የጨበጠችው ንግግር እዚያው ከእጇ ሾልኮ ወደቀ። ይህን ሰው አሁን «ልትጠይቁኝ የመጣችሁት እኔን ነው» ማለት በጥፊ ከመምታት አይለይም። አጎንብሳ የወንበሩን ቀበቶ ፈታችላቸው፤ ቀና ስትል ለአስተናጋጇ በጀርመንኛ ብርድ ልብስ ስጪኝና ሁላችሁም ወደ ፊት ሂዱልኝ፣ ዝግጁ ስንሆን እጠራችኋለሁ አለቻት። በሜዳው ላይ የምትናገርበት ድምፅ ነው፤ አስተናጋጇ አልተከራከረችም።

«ውጭው ይበርዳል አባባ፤ ይቺን እናልብስዎት» አለች፤ ብርድ ልብሱን ከወገባቸው እስከ እግራቸው ጠቀለለችላቸው። አቶ ገሰሰ የምታደርገውን ሁሉ እያንዳንዱን ያያሉ። ጠባቧን የአውሮፕላን ዊልቸር አስጠጋችና በብብታቸው ሥር ክንዷን አግብታ አነሳቻቸው። ቀለል ያሉ ሰው ናቸው። ወንበሩን የሥራ ጃኬቷን አልብሳ ደፈነችው። መንገደኛው ሻንጣ በሚጠብቅበት አዳራሽ አልወሰደቻቸውም፤ በሠራተኛ በር፣ በእሳት አደጋ መኪናው ማቆሚያ በኩል አዙራ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል አስገባቻቸው።

ክፍሉ ሙቅ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ገላ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ የከተማው አርማ። አቶ ገሰሰ ትንሿን ሻንጣቸውን ራሳቸው ከፈቱ። ውስጧ ለሽምግልናው ያሰናዱት ሙሉ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልዕልት ውሃውን አስተካክላ፣ ፎጣና ላስቲክ ከረጢት አስቀምጣ፣ ወንድ የሥራ ባልደረባዬን ልጥራልዎት አለቻቸው። አቶ ገሰሰ ጉልበታቸውን አዩት፤ ሱሪ ለማውለቅ የማይታጠፍ ጉልበት ነው።

«ማነው እሱ?» አሉ።

«አንድሬያስ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው።»

«አይሆንም» አሉ። «አንቺው ልጄ ትሻይኛለሽ። ፊትሽን ብቻ መልሺልኝ።»

ልዕልት ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ትከሻዋን እንዲደገፉበት ሰጥታ፣ እጇ ብቻ ወደ ኋላ እየሠራ ረዳቻቸው። ያንን ሁሉ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራቻቸው። ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ትንሿ ከተማ በኤርፖርቱ ጉዳይ በየዓመቱ እንዴት እንደምትጣላ። አቶ ገሰሰ መጀመሪያ «እህ» ብቻ ይሉ ነበር፤ ውሃው ሲሞቃቸው ሳቁ። ታጥበው፣ ለብሰው፣ ክራባታቸውን አስረው ሲቀመጡ ዲሬክተሩ ተመልሰው መጡ፤ ልዕልት ሳታውቀው ጀርባዋን አቀናች።

«ዛሬ ሰው ቤት የምጠበቅ ሰው ነኝ» አሉ። «ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጠዋት የሆንኩትን ሆኜ ከሰዓት በምን አፌ እቆማለሁ ስል ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ አባባ።»

መልስ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን አልገፉም። ራሳቸው ዛሬ ሊጠየቁ የማይፈልጉት ነገር አላቸው። «እሺ፤ የክርስትና ስምሽን እንኳ ንገሪኝ፤ ስጸልይ ላስብሽ።»

በዚህ መዋሸት አልቻለችም። «ወለተ ሥላሴ» አለቻቸው።

አቶ ገመቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ሊዘገዩ እንደሆነ ለአቶ ገሰሰ ደወሉላቸው። ልዕልት ሽማግሌውን ሻይ አስይዛ በትልቁ መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻቸውና ወደ ሜዳው ወረደች፤ አውሮፕላኑ በእሷ የተነሳ አርፍዷል፣ መሸኘትም ያለባት እሷ ናት። ክንፉን አጥባ፣ ደረጃውን አርቃ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ቆመች። እጆቿን ከፍ ስታደርግ ሞተሩ ጮኸ፤ ወደ ግራ ስትጠቁም ያ ሁሉ ብረት ወደ ግራ ዞረ። ቀና ስትል መስኮቱ ውስጥ አቶ ገሰሰን አየቻቸው። ሻዩ በእጃቸው እንደያዙት ቀርቷል፤ አፋቸውን ከፍተው ያዩአታል። ትንሽ ቆይቶ አቶ ገመቹ ከመኪና ማቆሚያው ሲሮጡ ስታይ አልተጠጋችም። አንድሬያስ ገፍቶ አስረከባቸው። አቶ ገመቹ ያውቋታልና።

ቤት ስትደርስ ለማንም ምንም አልተናገረችም። እናቷ የመረጠችላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ እንደ ወጉ ከጓዳ ተቀመጠች። የምትኮራበት ሥራዋ ዛሬ እንዲነገርላት የፈለገች ልጅ፣ አሁን እንዳይነገር የምትጸልይ ሆነች። ኤርፖርት የሚለው ቃል በእውነቱ ከተነሳ ሽማግሌው በሰው ፊት የጠዋቱን ያስታውሳሉ፤ ዓይናቸው ወዴት ይገባል? እናቷ የሠራችላት ቢሮ ለአንድ ቀን ለሳቸው መሸሸጊያ ይሁናቸው ብላ ወሰነች። ውሳኔው አላስደሰታትም። ሆድ ባሳት፤ እንባዋንም በነጠላው ጫፍ ጠረገችው።

በበሩ በኩል ሁሉም ይሰማታል። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ወልደማርያም ተቀመጡ አላቸው፤ አቶ ገሰሰ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ቆመው፣ አንዳንዴ የወንበር ጀርባ ሲይዙ እየተሰማት፣ ልጃቸው አቤ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ በዝግታ ተናገሩ። ቄሱ በተራቸው ስለ ልጅቱ ጠየቁ፣ ምን ላይ ናት አሉ። ልዕልት ወደ በሩ ተጠጋች። የአባቷ ሳል መጣ።

«ኤርፖርት አስተዳደር ውስጥ ናት» አለች ውብነሽ ፈጥና።

ሦስቴ ሂዱ ሦስቴ ኑ የሚባለው ወግ በአውሮፕላን ቲኬት አይሞከርምና ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ። ወልደማርያም «ሰጥተናል» አለ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ምርቃት ወረደ፤ ልጅቱ ወጥታ ትሳም ተባለ።

ልዕልት አንገቷን ደፍታ ወጣች። ነጠላውን ዝቅ አድርጋዋለች። ቄሱን ተሳለመች፣ አቶ ገመቹን ሳመች፣ አቶ ገሰሰ ጋ ስትደርስ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ሽማግሌው ትከሻዋን ያዙት። ጠዋት የተደገፉበት ትከሻ ነው።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ።

ውብነሽ ትሪ እንደያዘች ቆመች። የልጇን የክርስትና ስም ከቤተሰብና ከቄሱ በቀር የሚያውቅ የለም። «ማን ነገራቸው?» አለች ወደ ባሏ ዞራ።

«አቤ ነግሯቸው ይሆናል» አለች ልዕልት ቶሎ ብላ። «እንኳን ደህና መጡ አባባ። ዛሬ ገና መተያየታችን ነው።»

አቶ ገሰሰ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሰደርያው የለም፤ ፊቱ ያው ነው። ለማን ብላ እንደዋሸች ገባቸው፤ መግባቱ ፊታቸው ላይ ሲመጣ ልዕልት አየችው። የወንበሩን ክንድ ተመርኩዘው መነሳት ጀመሩ። አቶ ገመቹ ሊደግፏቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉ።

«የተሰጠኝን እመልሳለሁ» አሉ ቆመው።

ውብነሽ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አፏን በእጇ ያዘች። ቄሱ «ኧረ አቶ ገሰሰ» አሉ። ልዕልት ሰውዬው የተቀየሙ መሰላት።

«የተሰጠችኝ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት» አሉ አቶ ገሰሰ። «እሷን አላውቃትም። የማውቃት ሌላ ናት። ዛሬ ጠዋት አውሮፕላን ውስጥ ሽንቴ አምልጦኝ ተቀምጬ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ልለምን በመጣሁበት ቀን። ይቺ ልጅ አንድም ሰው ሳያየኝ አወጣችኝ። አጠበችኝ፤ አለበሰችኝ፤ ፊቷን መልሳ። ቀጥላ ወጥታ ያንን አውሮፕላን በእጇ እየመራች ስትሸኘው በመስኮት አየኋት። አሁን ደግሞ እኔ እንዳላፍር ብላ ራሷን ካደችልኝ።» ወደ ውብነሽ ዞሩ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «እርስዎን አልወቅስም ወይዘሮ ውብነሽ። እኔም ሱሪዬን በካፖርት ሸፍኜ ነው የተቀመጥኩት። ሁለታችንም ሸፋፍነን ነው የመጣነው።»

አቶ ገሰሰ ክራባታቸውን አስተካከሉ፤ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ቀጥ አሉ፤ እንደ አዲስ እንግዳ ወደ ወልደማርያም ዞሩ።

«አቶ ወልደማርያም፣ እንደገና ልጠይቅ መጥቻለሁ። ለልጃችን ለአቤ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር የምትገፋዋን ልጅዎትን ስጡን። እንደዚያች ያለች በቤታችሁ ካለች።»

ወልደማርያም ከሶፋው ተነሳ። ልዕልት የሳሉን ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። አባቷ እጆቹን ወደ ጎኑ አውርዶ፣ ቅድም «ሰጥተናል» ሲል ያልነበረው ቁመት ይዞ ቆመ።

«አለች» አለ። «ልጄ ልዕልት ወልደማርያም የኤርፖርት ሠራተኛ ናት። አቅም ያጣውን ትገፋለች። ሻንጣ ትጭናለች። ከክንፍ ላይ በረዶ ታጥባለች። አውሮፕላን ታቆማለች፣ አውሮፕላን ትሸኛለች።» ልጁን አያት። «አንድ ጊዜ በክረምት ሳልነግራት ሄጄ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ አይቻታለሁ። ያኔ የኮራሁትን ያህል ዲፕሎማዬን ስቀበልም አልኮራሁም። ይህንን ለእሷም፣ ለእናቷም፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የምንሰጠው ይህችኑ ነው።»

«ሌላ የለንም» አለች ውብነሽ፤ እንባዋ ፊቷን አጥቦታል። «እኔም የወለድኩት ይህችኑ ነው።»

አቶ ገሰሰ «እንዲህ ከሆነ ተቀብለናል» አሉ፤ አቶ ገመቹ ደግፈው አስቀመጧቸው። ቄሱ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ልዕልት መሀል ሳሎን ቆማ ቀረች፤ ከደስታዋ ብዛት አሜን ማለቱን እንኳ ረሳችው። ምርቃቱ ሳያልቅ አባቷ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲናገር የነበረው ድምፅ አልነበረም፤ የቤት ድምፅ ነው፣ ግን እሷ ሰምታው የማታውቅ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ሌሊት ነው አባዬ። ገና ሳይነጋ ነው የምወጣው፤ አውቶቡሱን ስለምይዝ።»

«አውቶቡሱን ተዪው» አለ ወልደማርያም። «አደርስሻለሁ።»